የባዶ ቤቶች ጭስ

በግድቡ አናት ላይ አባቴን የሚያወድስ የነሐስ ሰሌዳ አለ። ሰሌዳውን አስቀርጾ ያስተከለው ግድቡን የሠራው የኤሌክትሪክ ድርጅት ነው። «ሸለቋቸውን ለወደዱት ለካስፓር ዙርፍሉና ለጓዶቹ» ይላል ጽሑፉ፤ የተወደደው ሸለቆ ደግሞ ከሰሌዳው በስተጀርባ በውኃ ሥር ተኝቷል። በበጋ እሑዶች ከከተማ የሚመጡ ቤተሰቦች ሰሌዳውን ተደግፈው ፎቶግራፍ ይነሣሉ፣ አይስክሬማቸውን ይልሳሉ፤ ልጆቻቸውም ከግንቡ ጫፍ ወደ ታች ይተፉና ምራቃቸው ውኃው ላይ እስኪያርፍ ይጠብቃሉ። አሸናፊ የተሸነፈውን በነሐስ የሚያከብረው ዳግመኛ እንደማይነሣ ሲያረጋግጥ ነው። ሰሌዳውን ባየሁ ቁጥር የሚሰማኝ ቁጣ አይደለም፤ ቁጣ አንዳች አክብሮት ይጠይቃል። የሚሰማኝ ንቀት ነው፤ እሱም ለድርጅቱ ብቻ ተከፍሎ የሚያልቅ አይደለም።

መንደራችን ግሩንድማት ትባል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1946 መኸር ላይ ድርጅቱ ከመንደሩ በታች ያለውን ጠባብ ገደል በግንብ ዘግቶ፣ ሸለቆውን ከቤተ ክርስቲያኑ ደወል በላይ በውኃ ሊሞላው ማሰቡ ተሰማ። በእኛ ተራሮች ውኃውም ግጦሹም የመንደርተኛው የጋራ ሀብት ስለሆነ፣ ያለ መንደርተኛው ድምፅ አንድ አካፋ አፈር ማንሣት አይቻልም። ድምፁ የሚሰጠው በመጋቢት፣ በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት፣ በአደባባይ እጅ በማንሣት ነበር። እስከዚያ ያለው ክረምት በሙሉ የተቃውሞ ክረምት ሆነ። ወንዶቹ በእትዬ ቴክላ መጠጥ ቤት እየተሰበሰቡ መፈክር ጻፉ፣ ለጋዜጠኛ ቃል ሰጡ፣ ሚስቶቻቸውን ጥቁር ባንዲራ አሰፉ፤ ስለ አባቶች አጥንትና ስለ ነጻነትም ብዙ አወሩ። መሪያቸው አባቴ ነበር። ድምፀ መልካም ሰው ነበር፤ ድምፀ መልካም ሰው ደግሞ የተናገረውን ሁሉ ያሰበው ይመስለዋል።

እናቴ ቬረና ስለ ነጻነት ስትናገር ሰምቻት አላውቅም። የእርሷ ጉዳይ አንድ ነበር። ታናሽ ወንድሜ አሎይስ ባለፈው ክረምት ጉሮሮ በሚዘጋው በሽታ ሞቶ በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ፣ ከሰሜኑ ግንብ ሥር ተቀብሯል። የግድቡ ወሬ የተሰማ ዕለት ድንች እየላጠች ነበር። «ልጄን ውኃ አላለብሰውም» አለች፤ ከዚያም መላጧን ቀጠለች። ከዚህ ሌላ ንግግር አላደረገችም።

ኢንጂነሩ በኅዳር መባቻ ካርታዎቹን በቆዳ ቱቦ ጠቅልሎ መጣ። እኔ አደባባዩ ላይ የበረዶ መንሸራተቻዬን እጎትት ነበር። ያየሁት ዛሬም ዓይኔ ላይ አለ፤ አባቴ በመጠጥ ቤቱ ፎቅ መስኮት ግማሽ አካሉን አውጥቶ፣ ጡጫውን ጨብጦ፣ «ከሸለቋችን ውጣ» እያለ ያስገመግማል፤ ከታች ኢንጂነሩ ኮቱ ላይ እበት ተለጥፎበት፣ ፊቱ እንደ አይብ ነጥቶ፣ ወደ ድልድዩ ይወርዳል። ሁለቱን አገናኘኋቸው። የአባቴ ድምፅ ሰው ከአገር የሚያስወጣ ድምፅ መሆኑን በዚያች ቅጽበት አመንኩ። ከኢንጂነሩ አጠገብ እናቴም ነበረች፤ እጅጌውን ይዛዋለች። በበረዶው እንዳይንሸራተት የደገፈችው መስሎኝ ነበር። እናቴ ለእንግዳ ርኅሩኅ ናት ብዬ አለፍኩት።

የሆነውን የነገረችኝ እትዬ ቴክላ ናት፤ ስትነግረኝ እርሷም እኔም አርጅተን ነበር። የእበት ጋሪ እየገፉ መጥተው የኢንጂነሩን አውቶሞቢል ከፊትም ከኋላም የዘጉት ሴቶቹ ናቸው። ኢንጂነሩ «እመቤቶቼ፣ በሠለጠነ መንገድ እንወያይ» ሲል የመጀመሪያው አካፋ እበት ትከሻው ላይ አረፈ። እናቴ ከዚያ በኋላ ነው እጅጌውን የያዘችው።

«ጌታዬ፣ እዚያ ግንብ ሥር ልጄ አለ» አለችው። «እርስዎ ካርታው ላይ ምን ብለው እንደጻፉት አላውቅም። አሁን በእግርዎ ይውረዱ። መኪናዎን ወንዶቹ ወኔያቸው ሲመጣላቸው ያወርዱልዎታል።»

ወንዶቹ ከፎቅ የወረዱት ሰውየው ድልድዩን ከተሻገረ በኋላ ነው። ጋዜጣው «የግሩንድማት ወንዶች ድንበራቸውን አስከበሩ» ብሎ ጻፈ። አባቴ ቁራጩን ከመስቀሉ ሥር፣ በግድግዳችን ላይ ለጠፈው፤ እናቴም አቧራውን በየሳምንቱ ትጠርግለት ነበር።

በግሩንድማት ድምፅ ለመስጠት እዚያ መወለድ ብቻ አይበቃም። መንደርተኛ ማለት በኅዳር ከሚውለው ከቅዱስ ማርቲን በዓል እስከ ቅዱስ ዮሴፍ ድረስ የራሱ እሳት በራሱ ምድጃ የነደደለት ወንድ ነው። ክረምቱን ያልቀመሰ ሰው በሸለቆው ላይ አይፈርድም፤ የጥንቶቹ ሐሳብ ይህ ነበር፣ መጥፎ ሐሳብም አልነበረም። ማስረጃው ጭስ ነው። ሽማግሌው ሹም ሜልኪዮር እሑድ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ከቤተ ክርስቲያኑ ደጃፍ ቆሞ የጭስ ማውጫዎቹን ይቃኛል፤ የሚጨሰው ቤት ባለቤት አለው፣ የማይጨሰው የለውም። የሐሰት ጭስ ያጨሰ ሰው ከነልጆቹ ከጋራው ይሰረዛል፤ ግጦሽ የለው፣ የማገዶ እንጨት የለው፣ በአደባባይ የሚሰማ ቃል የለው። በዚያ ጭስ የተገኘው ድምፅም ይፈርሳል። ይህን በመንደሩ ያለ ትልቅ ሰው ሁሉ ያውቃል። እኔ ግን የዘጠኝ ዓመት ልጅ ነበርኩ።

የማርቲን በዓል ሳይደርስ አንድ ምሽት አባቴና ጓዶቹ ገበታችንን ከበው ተቀመጡ። እኔ ከምድጃው ጀርባ ባለችው ሞቃት መደብ ላይ ተኝታለች ተብዬ ተጋድሜያለሁ። የደረቀ በርበሬ መሳይ ሽታ ያለው የትምባሆ ጭስ ጣሪያውን ሸፍኖታል።

«ያንሰናል» አለ ዳቦ ጋጋሪው። «ከታች ሰፈር ያሉት ካሣውን እያለሙ ነው። እጅ ያንሰናል።»

«ወደ ከተማ የወረዱትስ?» አለ አባቴ። «ቤታቸው እኮ እዚሁ ቆሟል።»

«ቤቱማ ቆሟል። ባለቤቱ ዙሪክ ፋብሪካ ውስጥ ነው እንጂ።»

«ምድጃው ከነደደ ባለቤቱ አለ።»

«ማን ያነደዋል?»

«ያን ለእኔ ተወው።»

ከዚያ አንዱ ሳቀ፣ ሌሎቹ ተከተሉት። የእናቴ የሹራብ መርፌ ድምፅ ቆመ።

«ሰዎቹን ጠይቃችኋቸዋል?» አለች።

«ምኑን?» አለ አባቴ።

«እጃቸውን ለየትኛው እንደሚያነሡ።»

«አንቺ ደግሞ። የገዛ ወንድምሽ ፍሪዶሊን ባለፈው ገና እዚህ ተቀምጦ የሸለቆውን መዝሙር ሲዘምር እንባው አልወረደም?»

«የወረደው ስለጠጣ ነው። የሚጠጣውም ማልዶ ላም የማለብ ጣጣ ስለሌለበት ነው።»

«የራቀ ሰው አገሩን እጥፍ ነው የሚወደው፣ ቬረና።»

«ከሩቁ ነዋ የሚወደው።»

«ሴትዮዋ ፖለቲካ አማራት» አለ ዳቦ ጋጋሪው፤ እንደገና ተሳሳቁ። መርፌዎቹ ሥራቸውን ቀጠሉ። እኔ የሰማሁት ቤት፣ ምድጃ፣ ፍሪዶሊን የሚሉትን ብቻ ነው፤ የቀረው ከትምባሆው ጋር በላዬ አለፈ።

በማግሥቱ ገና ሳይነጋ አባቴ ቀሰቀሰኝ። በቀበቶው ላይ እፍኝ የሚሞሉ ቁልፎች ተንጠልጥለዋል።

«አጋታ፣ ተነሺ። ሥራ አለን፣ እኔና አንቺ።»

«ምን ሥራ?»

«የሄዱት ሰዎች ቤት በብርድ እየሞተ ነው። እሳት የማያገኝ ቤት ምሰሶው ይበሰብሳል። እናሞቅላቸዋለን። ግን ለማንም አትናገሪም፤ ለመምህርሽም፣ ለቄሱም። በጎ ሥራ ከተነገረ እግዜር ዘንድ ዋጋ የለውም።»

ሰው ሌላ ሰው እንዲታመንለት ሲፈልግ ከሃይማኖቱ ምን ያህል ጥቂት እንደሚበቃው ሳስብ ዛሬም ይደንቀኛል።

የዚያ ክረምት ማለዳዎች በሕይወቴ ካየኋቸው ማለዳዎች ሁሉ የበለጡ ነበሩ። በረዶው ከጫማችን ሥር ይንኮሻኮሻል። ቁልፉ ጉድጓዱ ውስጥ ስለሚጣበቅ አባቴ አፉን ገጥሞ በትንፋሹ ያሞቀዋል፤ ጢሙ ላይ ነጭ ቅንጣት ይቀራል። ውስጡ የአይጥና የአሮጌ ሰም ሽታ አለው። አልጋዎቹ በአንሶላ ተሸፍነው የተኛባቸው ያለ ይመስላሉ፤ ግድግዳ ላይ የቆመ ሰዓት፣ ከሰዓቱ በታች የደረቀ የዘንባባ ቅጠል። የጥድ ስንጣሪውን የምደረድረው እኔ ነኝ። ሙጫው ሲንጣጣና ምድጃው ማጉረምረም ሲጀምር ቤቱ ትንፋሹ የተመለሰለት ይመስለኛል። ከዚያ ወጥተን ከደጃፍ ቆመን ጭሱ ቀጥ ብሎ ሲወጣ እናያለን። አባቴ በዚያች ሰዓት ከማንም ጋር እንደማያወራው ያወራኛል፤ ስለ በጋው የአይብ ሥራ፣ ስለ ውትድርናው፣ ንግግር ሲያደርግ እጆቹን የት እንደሚያኖር። አሎይስ ከሞተ ወዲህ ስሜን በዚያ ለዛ ጠርቶት አያውቅም ነበር።

የአጎቴ የፍሪዶሊን ቤት የመጨረሻው ነው። እናቴ የተወለደችበት ቤት ስለሆነ እዚያ ያለውን ምድጃ እኔ ራሴ ነበርኩ የምለኩሰው። እናቴ ደስ ይላታል ብዬ አስብ ነበር፤ ግን ምስጢር ነውና አልነገርኳትም። ጭስ ጭስ እየሸተትኩ ስገባ ሹራቤን አውልቃ በረንዳው ላይ ታራግፈዋለች፤ አንድም ቀን ከየት መጣሽ አላለችኝም። አለማወቋ አሳዘነኝ።

እሑድ ከቅዳሴ ስንወጣ ሹም ሜልኪዮር ኮፍያውን እስከ ቅንድቡ ደፍቶ የጭስ ማውጫዎቹን ይመለከታል።

«ዘንድሮ ጥሩ ይጨሳል» አለ አንድ ቀን፣ ወደ አባቴ ሳይዞር።

«ብርዱ ነዋ» አለ አባቴ።

«ብርዱ ነው። የፍሪዶሊንም ቤት በረደው ማለት ነው።»

«ቤት ሁሉ ይበርደዋል፣ ሹም።»

«እውነትህን ነው። እኔ የምቆጥረው ጭስ ነው፤ ሰውማ ከጭስ ማውጫ አይወጣ።» ኮፍያውን ነቅነቅ አድርጎ ሄደ።

ስለ አየር ጠባይ የተጨዋወቱ መሰለኝ። ያ ሽማግሌ ግን ሁሉንም ያውቅ ነበር። ከማን ወገን እንደነበረ እስከ ዛሬ አላወቅሁም፤ ምናልባት ለማየት ከማይፈልጉት ወገን ነበር፤ በየአገሩ አብዛኛውን ወንበር የያዙት እነሱ ናቸው።

የምንቀው የአባቴን ማታለል አይደለም። ቤቱን ውኃ ሊውጠው የመጣበት ሰው ያገኘውን ቢይዝ አልፈርድበትም። ግን በመዝሙር ተማምኖ ማታለል። እጃቸውን ለየትኛው እንደሚያነሡ ሳይጠይቅ፣ በሞቅታ የወረደ እንባን ቃል ኪዳን አድርጎ ቆጥሮ፣ የመንደሩን ዕጣ ክረምቱን ባልቀመሱ ባዕዳን እጅ ማስገባት። ጠላቱ በገንዘብም በካርታም ያላገኘውን ድምፅ፣ በገዛ እንጨቱ አሙቆ፣ በገዛ ልጁ እጅ ለኩሶ ሰጠው።

በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት፣ አባቴ ለድምፁ ኑ ያላቸው ወደ ከተማ የወረዱት ሰዎች በፖስታ አውቶቡስ መጡ። የከተማ ጫማቸው በቀለጠው በረዶ ላይ እያንሸራተታቸው እርስ በርሳቸው ተያይዘው አቀበቱን ወጡ። አጎቴ ፍሪዶሊን ፀጉሩን በቅባት አስተኝቶ፣ የቆዳ ጓንት አጥልቆ ነበር። ከእናቱ ቤት ገብቶ መዳፉን ምድጃው ላይ አሳረፈ።

«ሞቃለች» አለ። ወደ እኔ ዞሮ ጠቀሰኝ፤ ከኪሱ ቸኮሌት አወጣልኝ። «አባትሽ ቀልደኛ ሰው ነው፣ አጋታ። እንዲህ አድርጎ የጠበቀን ዘመድ የለም።»

ምስጢሩን ማወቁ ገረመኝ፤ ግን ምስጋና ስለነበር ተቀበልኩት።

ከቀትር በኋላ ወንዶቹ አደባባዩ ላይ ቀለበት ሠርተው ቆሙ፣ ዙሪያውን ገመድ ተወጠረ። ሴቶችና ልጆች ከገመዱ ውጪ፣ በቤተ ክርስቲያኑ ግንብ ጥግ ነበርን። አባቴ ተናገረ። አልዋሽም፤ ያማረ ንግግር ነበር። ስለ አባቶች ላብ ተናገረ፣ በነጻነት ስለተወለዱ ወንዞች ተናገረ፣ እጆቹንም ሲያስተምረኝ እንደነበረው ደረቱ ላይ አኖራቸው። ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡት የከተሞቹ ሰዎች ናቸው። ፍሪዶሊን ነጭ መሐረቡን አውጥቶ ዓይኑን ጠረገ።

«ውኃውን ለድርጅቱ የሚሰጥ እጁን ያንሣ» አለ ሹም ሜልኪዮር።

በመጀመሪያ የታች ሰፈር ሰዎች አነሡ፤ ጥቁርና የተሰነጣጠቁ እጆች፣ አንዱ ጣት የጎደለው። ብዙ አልነበሩም። ከዚያ ነጫጮቹ እጆች ወጡ። ቸኩለው አልወጡም፤ በምግብ ቤት አስተናጋጅ እንደሚጠሩ ሰዎች ዘና ብለው ነው ያነሡት። ፍሪዶሊን መሐረቡን እንደያዘ አነሣ፤ መሐረቡ በነፋሱ ተውለበለበ። አባቴ አፉን ከፍቶ እጅ ለእጅ ይመለከታል፤ ያሞቅናቸውን ቤቶች በቅደም ተከተል የሚያልፍ ይመስል ነበር።

ሕጉ አንድ በር ይተዋል። ድምፁ ከመጽደቁ በፊት ሹሙ ሦስት ጊዜ ይጠይቃል።

«የሌላውን እሳት የሚጠራጠር አለ?»

የአባቴ ጓዶች ጫማቸውን ተመለከቱ። ዳቦ ጋጋሪው የኮቱን ቁልፍ ይፈታል፣ ይቆልፋል። እሳቱን ማን እንዳነደደው ሁሉም ያውቃል፤ የሚናገር ሰው ግን ራሱንም ይዞ ነው የሚወድቀው።

«የሌላውን እሳት የሚጠራጠር አለ?»

«አለ» አለች እናቴ፤ ገመዱን በእጇ ዝቅ አድርጋ ተሻገረችው።

«ቬረና፣ ገመዱ ውስጥ ሴት አትገባም» አለ ሹሙ።

«ገብቻለሁ እኮ።»

ጥቂቶች ሳቁ። እርሷ ወደ ሳቁት አልዞረችም።

«የእነዚህ ሰዎች ቤት ከማርቲን ጀምሮ ባዶ ነበር» አለች። «እሳቱን ያነደደው ባሌ ነው። ፍሪዶሊን የእናቴ ልጅ ነው፣ ይኸው ቆሟል። ክረምቱን የት እንዳደረ ጠይቁት።»

ፍሪዶሊን ጓንቱን ማጥለቅ ጀመረ።

«ሴት እዚህ ምስክር አይደለችም» አለ ሹሙ። «ሕጉን እኔ አላወጣሁትም።»

«ልጄም አብራው ነበረች።»

«ልጅም እንደዚያው ናት።» ዱላውን ከአንዱ እጁ ወደ ሌላው አዛወረ፤ ወደ አባቴ ዞረ። «አንተ ግን ወንድ ነህ፣ ካስፓር፣ ባለ እሳት ነህ። እውነት ነው ካልክ ድምፁ ይፈርሳል፤ ውኃው ይቀራል፣ አንተም ትሰረዛለህ። ምን ትላለህ?»

ከጣሪያዎቹ የሚንጠባጠበው የበረዶ ውኃ ይሰማ ነበር። እናቴ ምስጢሩን አውጥታ በጎ ሥራችንን ልታበላሸው ነው፤ ከዚያ ሁሉ ማለዳ እግዜር ዘንድ ምንም ላይቀርልን ነው። አባቴ ግን እንደማያደርገው አወቅሁ። ምጽዋታቸውን ስለደበቁ ቅዱሳን ያስተማረኝ እሱ ነው።

አባቴ ኮፍያውን አወለቀ።

«ባለቤቴ ልጃችን ከሞተ ወዲህ ደህና አይደለችም» አለ፤ ድምፁ እንደዚያን ቀን አምሮ አያውቅም። «ይቅር በሏት።»

በሕይወቴ እንደዚያች ደቂቃ በአባቴ ኮርቼ አላውቅም። ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት፣ ቢናገር የሚመሰገንበትን ደግነት ካደ፤ እንደ ቅዱሳኑ።

እናቴ ጥቂት ቆማ አየችው። ፊቷ ላይ እንባም ቁጣም አልነበረም። የጠፋባት ዕቃ የት እንደወደቀ የተነገራት ሰው እንደሚያደርገው ራሷን አንዴ ነቀነቀች፤ ከትከሻዋ የወረደውን ሻርፕ መልሳ ወጣች። ስትወጣ ገመዱን ከፍ አድርጎ ያሳለፋት ፍሪዶሊን ነው። ሹሙ ሦስተኛውን ጠየቀና ዱላውን መሬቱ ላይ መታ፤ ድምፁ ጸደቀ።

ከዚያ በኋላ ያለውን ማንም ያውቀዋል። ግድቡ ተሠራ። የቤተ ክርስቲያኑን ግቢ አጥንት እንዳይንሳፈፍ ብለው በሲሚንቶ ለበጡት፤ ድርጅቱ ይህን «ለሙታን የተደረገ ክብር» አለው፣ ጳጳሱም ባረኩት። እኛን ከላይ፣ ነፋስ በማይጠፋበት ተረተር ላይ፣ የባቡር ጣቢያ የሚመስሉ ቤቶች ሠርተው አሰፈሩን። አባቴ የመታሰቢያ ማኅበሩ ሊቀ መንበር ሆነ፤ በየዓመቱ በቅዱስ ዮሴፍ ዕለት ያንኑ ንግግር ያደርግ፣ ድርጅቱም አዳራሹን በነጻ ይሰጠው ነበር። ጓዶቹ ከፊት ወንበር ተቀምጠው ያጨበጭቡለት ነበር። የተሸነፉት በጨዋነት መሆኑን እርስ በርስ እየመሰከሩ አረጁ። እኔም ለብዙ ዓመታት አብሬ አጨበጭብ ነበር፤ በዩኒቨርሲቲ አንድ መምህር ስለ ተራራ መንደሮች የእሳት መብትና ስለ ሐሰተኛ ጭስ ቅጣት ሲያስረዳ እስክሰማ ድረስ። ማስታወሻ ስጽፍ የነበረው እጄ ቆመ። መምህሩ ነገሩን እንደ ጨዋታ ነበር የሚያወራው፤ ተማሪዎቹም ሳቁ።

በቅርቡ አንድ ወጣት ታሪክ ጸሐፊ ስለ ግሩንድማት ተቃውሞ መጽሐፍ ጻፈ። በባዶ ቤቶች ውስጥ እሳት መንደዱን ደርሶበታል፤ ያነደዱት የድርጅቱ ወኪሎች ሳይሆኑ አይቀሩም ይላል። እኔ ነኝ የለኮስኳቸው አልኩት፤ ከአባቴ ጋር። በትሕትና አዳመጠኝ።

«ያኔ ዕድሜዎ ስንት ነበር?»

«ዘጠኝ።»

«እህ» አለ፤ እስክሪብቶውን ኪሱ ውስጥ ከተተ።

ስለዚህ ድምፁ በተሰጠበት ዕለት ማታ የሆነውን አልነገርኩትም። ለታሪክ የሚጠቅም አይደለም።

በቤታችን፣ እንደ ጎረቤቶቻችን ሁሉ፣ የሚበላው ከአንድ ድስት ነበር። ድስቱ ገበታው መሐል ይቀመጣል፣ እያንዳንዱ በየራሱ ማንኪያ ከፊቱ ካለው ወገን ይበላል። ሳህን የሚወጣው ለቄሱ፣ ለከብት ሐኪሙና ከሩቅ ለመጣ እንግዳ ብቻ ነው። ያን ማታ እናቴ የገብስ ሾርባውን ድስት አምጥታ በእርሷና በእኔ መካከል አስቀመጠች። ከዚያ ቁም ሳጥኑን ከፍታ ሰማያዊ ጠርዝ ያለውን ነጭ ሳህን አወጣች፣ በፎጣ ወለወለችው፣ አባቴ ፊት አኖረችው። ቢላዋ፣ ሹካ፣ የታጠፈ ጨርቅ አከለችበት። በትልቁ ጭልፋ ሞልታ ቀዳችለት።

በጣም ደስ አለኝ። የአባቴን ታላቅነት በመጨረሻ አወቀችለት አልኩ፤ ከዛሬ ጀምሮ እንደ ቄሱ ነው።

አባቴ ሳህኑን ለረጅም ጊዜ ተመለከተ። ማንኪያውን አነሣና፣ እንደ ሁልጊዜው፣ ወደ ድስቱ ዘረጋ። እናቴ ድስቱን በሁለት እጇ ይዛ፣ ምንም ሳታፈስ፣ ትንሽ ወደ እኛ ሳበችው።

«ቬረና» አለ።

«ዳቦ ልጨምርልህ?» አለችው፤ ድምፅዋ መልካም ነበር። «ጨው ያንሰዋል?»

«አያንሰውም።»

በሳህኑ በላ። በማግሥቱም በሳህኑ በላ። ወደ ተረተሩ ስንወጣ ሳህኑ በሳር ተጠቅልሎ ከእኛ ጋር ወጣ፤ ጋዜጠኞች ሊጠይቁት ሲመጡ፣ እናቴ በትሕትና ስታስተናግደው አይተው፣ የድሮ ሰዎች ባላቸውን እንዴት ያከብሩ ነበር ብለው ጻፉ። አንድ ክረምት ሳህኑ ከእጇ ወድቆ ተሰበረ። አባቴ ያኔ ሸምግሎ፣ እጁ መንቀጥቀጥ ጀምሮ ነበር። ስብርባሪውን አይቶ ማንኪያውን ይዞ ወደ ድስቱ ተጠጋ። እናቴ ጥቂት እንዲታገሥ ነገረችው፤ ሻርፕዋን ደርባ፣ በበረዶው ውስጥ አውቶቡስ ጠብቃ ከተማ ወረደች፣ ከምሽቱ በፊትም አምሳያውን ይዛ ተመለሰች።